የእናትሽ ቦርሳ ገበር

ጉለሌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለኢየሩ፤

መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ስለ ጎረቤታችን ስለ እማማ ዓለሜ ነውና ከእሳቸው ልጀምር። እግራቸው ደህና ነው፤ ወገባቸውም እንደ ዕድሜያቸው ነው። የከዳቸው ጭንቅላታቸው ነው። ሰኞ ዕለት በሬን አንኳኩተው «የሺ ከቸርች አልተመለሰችም ወይ?» አሉኝ። እናትሽ ደግሞ አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። «ይኸው አለሁ እማማ» ብትላቸው ትክ ብለው አዩዋትና «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አሏት። ሳቅን። ኋላ ግን እናትሽ ሽንኩርቱን ትታ እስከ ቤታቸው ይዛ አደረሰቻቸው። የልጃቸው ልጅ ተክለሃይማኖት ከሐዋሳ ተመልሶ አብሯቸው ይኖራል። ዶሮ ላረባ ነው ብሎ ግቢውን በሙሉ በሽቦ አጥሮታል፤ ዶሮ ግን እስካሁን አልመጣም። ሽቦውን አጥሮ ገብቶ የሚቀመጠው ራሱ ነው።

ደብዳቤሽን ቦጋለ እጄ ላይ ነው ያስረከበኝ። እናንተ አገር ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ የቦጋለ አይሱዙ ቴሌ ሆኖልናል። ምርቃት እንጂ ሌላ አይቀበልም፤ እናትሽ በምርቃት ልታደክመው ነው።

ስለ ሻገተው ቦርሳ ላልሽኝ፣ አይዞሽ፣ አልተበላሸም። መጀመሪያ ደጅ አውጥተሽ በደረቅ ብሩሽ አራግፊው፤ ቤት ውስጥ ካራገፍሽው ሻጋታው ወደ ሌላው ይሄዳል። ከዚያ አቼቶና ውኃ እኩል ለእኩል አድርገሽ ጨርቅ ነክረሽ፣ በደንብ ጨምቀሽ ጥረጊው። ጥላ ላይ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀሽበት ይደር፣ ሲደርቅ ቫዝሊን በስሱ። አንቺ እንደምትወጂው ሳይሆን በስሱ። እጅሽን አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ። ስኳሯ አልወርድ ብሏል። ዓይኗ ያው ነው፤ የምትጽፍልሽን ሁሉ እሷ እየተናገረች እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ይህን ታውቂያለሽ። ወንድምሽ አለማየሁ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላልሳታል። እየሄደች ትመለሳለች፤ ስትመለስ ትዘምራለች።

ትናንት የቸርች ቦርሳዋን፣ ያን ቡናማውን፣ በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። አንደኛው ማንጠልጠያው ተበጥሷል። «ይህን ሥሪልኝ፣ ኢየሩ ስትወልድ የልጁን ጨርቅ ትያዝበት» አለችኝ። «ማንጠልጠያውን ስፊው፣ ቀለሙን አድሺው፣ ገበሩን ግን እንዳትነኪ።»

«ጥጉ እኮ በዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ ተሞልቷል» አልኳት።

«ይሞላ። ገበር የምገለብጠው የሞተ ሰው ቦርሳ ላይ ነው ብለሽ የለም እንዴ? ምነው፣ ቸኮልሽ?»

በሳቅ ገደለችኝ። ሕጌን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬ ሥር ቁጭ ብለሽ እየሠራሽ ያደግሽበት ነው። ከመርካቶው ነጋዴ ከአሽረፍ የሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ የሚወጣው ቦርሳ ባለቤቱ ይኑር ይሙት አይታወቅምና እንደ ሞተ ቆጥሬ የገበሩን ስፌት ፈትቼ፣ ገልብጬ እስከ ጥጉ አጥበዋለሁ። ባለቤቱ በሕይወት ያለ ቦርሳ ግን እንደ ሰው ጓዳ ነው። ጥጉን ማራገፍ የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ እኔ እጄን አልሰድም።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። «ጻፊ» እያለች ጭኔን ትመታለች።

ሰላም ለአንቺ ይሁን ልጄ። ጌታ ያለፈውን ዓመት አይድገምብን። ያን ጊዜ ፅንሱ የወረደብሽ ውኃ ተሸክመሽ ነው፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ እንጂ። አሁን ጀሪካን እንዳታነሺ፣ ባልሽ ሲላስ ያንሣ፣ ነርስ ቢሆንም ክንድ አለው። ጎመን ብዪ። በግራ ጎንሽ ተኚ። ሆድሽ ሹል ነው ወይስ ክብ? ሲላስን አትጠይቂው፣ ወንድ አያይም፣ የጎረቤት ሴት ጠይቂና ጻፊልኝ። ሙኒያ እጄ ደከመ እያለች ነው፤ ውሸቷን ነው።

እህትም እናትም የሆንኩልሽ
ሙኒያ


ጉለሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሲላስ፣ ለአንተ ብቻ፤

ይህን ብቻህን ሆነህ አንብበውና ቅደደው። ቦጋለ በቃል ነግሮሃል፤ አንተም «እንዴት ሆነች፣ ምን እናድርግ?» ብለህ በእሱ ልከህብኛል። እንግዲህ የምችለውን ልመልስልህ።

የሺ ያረፈችው ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ነው። እሑድ ማታ ላብ አጠመቃት፤ አለማየሁ መኪና አምጥቶ ወሰዳት። ስትሄድ በእግሯ ነው የወጣችው። ቦርሳዋን ራሷ ያዘች፤ ማንጠልጠያውን ሰፍቼ መልሼላት ነበር። በሬ ላይ ቆማ «ሙኒያ፣ ሽሮዬን ከእሳት አውርጂልኝ» አለችኝ። ወደ ቤቷ ገብቼ አወረድኩላት። እኔና እሷ የተባባልነው መጨረሻው ይኸው ነው።

ከቀብር በኋላ አለማየሁና የቸርቿ ሽማግሌ አቶ ዱጉማ እኔ ቤት መጥተው ተቀመጡ። «ለኢየሩ እስክትወልድ አይነገርም» አሉ። ያለፈው ዓመት ልጅ እንደወረደባት፣ ዘንድሮም ደም ግፊቷ ከፍ እንዳለ አንተው ነህ የጻፍክላቸው። ትክክል ናቸው። ደግሞም መርዶ በወረቀት አይነገርም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚነገረው። ስትወልድ አለማየሁ ራሱ መንገዱን ጠይቆ ይመጣል፤ የሠፈራችሁን ሴቶች ሰብስባችሁ፣ ይዛችኋት ይነገራታል። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። የኔ ጭንቀት ይህ ነው።

ከዚያ አቶ ዱጉማ «ደብዳቤውን አንቺ ቀጥዪ» አሉኝ። «ያው ድሮም በአንቺ እጅ ነው የሚጻፈው፣ አታውቅም።» እጁስ እጄ ነው ልጄ። አፏን ግን ከየት ላመጣ ነው? አንተ ፊትህን ጠብቅ። ያ እንኳን ከኔው ሥራ ይቀላል።

ለእሷ የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለልህ። አንብበው፤ ካልሆነ አስቀረው።

ሙኒያ


ጉለሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለኢየሩዬ፤

ይቅርታ፣ ዘገየሁብሽ። እንግዳ በዝቶብኝ ነው። እማማ ዓለሜ ደህና ናቸው። ተክለሃይማኖት በመጨረሻ አንድ አውራ ዶሮ ገዛ፤ እንቁላል እጠብቃለሁ ብሎ እንደሆነ እንጃ።

ሆድሽ ሹል ነው ማለትሽን ሰምተናል። እዚህ ሠፈር ሁሉም ሐኪም ነውና ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት ብሏል።

ስለ እናትሽ ጤና የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አሁን ሕመም የለባትም። ይህን በሙሉ አፌ ነው የምጽፍልሽ። አያማትም። አለማየሁ «ለሐኪም ቤቱ የሚቀርበው እኔ ጋ ነው» ብሎ ወደ እሱ ቤት ወስዷታል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው አጠገቤ ቁጭ ብላ አትነዘንዘኝም። ስሄድ ነው የማገኛት።

የላከችብሽ ቃል፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን ልጄ። ጀሪካን እንዳታነሺ። ጎመን ብዪ። በግራ ጎንሽ ተኚ።

የአቼቶው ነገር እንደሠራልሽ ደስ ብሎኛል። ያ ቫዝሊን ያጨቀየሽበት ቦርሳ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመሽ ብትወለውይው ይተወዋል። በስሱ ብዬሽ ነበር።

የአንቺው ሙኒያ


ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሙኒያ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። እግሬ አብጦ የሲላስን ጫማ ነው የማደርገው። እሱ ደግሞ ሰሞኑን እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ፤ ሳስነጥስ ይነሣል። ሌሊት ብንን ስል ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አገኘዋለሁ። ምን ሆነሃል ስለው «ደም ግፊትሽ» ይላል።

እማዬ ያለችው አጠረብኝ። ድሮ ገጽ ሙሉ ነበር የምትነዘንዘኝ። ተቆጥታኝ ነው? አለማየሁ ቤት መግባት እንደማትወድ አውቃለሁ፤ «የልጅ ቤት እንግዳ ያደርጋል» ስትል ነው የኖረችው። ከደከማት ግድ የለም፣ ብቻ አንድ የስድብ ቃል እንኳን ጨምረው ይጻፉልኝ። ስድቧ ናፍቆኛል።

እትዬ፣ ያ ቦርሳዋ ካለቀ ቦጋለ ይዞልኝ ይምጣ። ስወልድ እሷ እንደማትደርስልኝ ገብቶኛል፤ በዚህ ጤናዋ ይህን መንገድ አትችለውም። ቦርሳው ከአልጋዬ አጠገብ ቢቀመጥ ይበቃኛል። ልጅ ሆኜ ቸርች ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደኝ እጄን ጥጉ ድረስ ሰድጄ የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ እለቅም ነበር። እማዬ በዓይኗ ወደ ሰባኪው፣ በክርኗ ወደ እኔ። አሁንም ጥጉ ውስጥ ፍርፋሪ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ፤ እርስዎ ሕግዎን አይጥሱምና።

ባለቤትዎን ጋሼ ኢስሐቅን ሰላም ይበሉልኝ። ሱቃቸው ደህና ነው?

ልጅዎ ኢየሩ


ጉለሌ፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሲላስ ብቻ፤

ይኸው ቦርሳውን ልኬዋለሁ። ከላይ ያለው ደብዳቤ የእሷ ነው፤ ይህ የአንተ።

ልጄ፣ ይህን ቦርሳ እንዴት እንደሠራሁት ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ሆዴ ይፈነዳል። አለማየሁ ከሆስፒታል አልጋዋ ግርጌ አንሥቶ ነው ያመጣልኝ። የሚጠጣ መድኃኒት ውስጡ ፈስሶበት ነበር። ስከፍተው ያ የሆስፒታል ሽታ ግጥም አድርጎ ያዘኝ። ይህን ሽታ ለነፍሰ ጡር ልልክ ነው? አፍንጫዋ ውሻ ነው፣ ድሮም ታውቃለህ። ሁለተኛ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለየሺ ከዚህ በኋላ የምሠራላት ሌላ ነገር የለኝም። ገላዋን ያጠቡት የቸርቿ ሴቶች ናቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ውኃ አቀበልኩ። የቀረልኝ ቦርሳዋ ነው።

ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ አዋልኩበት። ስፌቱን ፈትቼ ገበሩን አወጣሁ፤ በሕፃን ሳሙና አጠብኩ፣ ጥላ ላይ አደረቅኩ። ቆዳውን ጠረግኩ፣ ቀባሁ፣ ቀለሙን መለስኩለት። ከሰል በጨርቅ ቋጥሬ ሽታው እስኪለቅ ውስጡ አስቀመጥኩበት። ከዚያ ገበሩን መልሼ በድርብ ስፌት ሰፋሁት። እንደዚህ አድርጌ የሠራሁት ቦርሳ የለም። ኢስሐቅ ከሱቅ ሲገባ አየኝና «አዲስ ሆነ እኮ፣ ስንት ልትሸጪው ነው?» አለኝ፤ የማን መሆኑን ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከጥጉ የወጣውን መጣል አቃተኝ። የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቼ አስቀምጬዋለሁ።

አንተም ብትሆን ሌሊት ቁጭ ብለህ አትያት። ታስተውላለች፤ ጽፋልኛለች።

ሙኒያ


ጉለሌ፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለኢየሩዬ፤

ኧረ ምን ልትቆጣሽ። ደክሟት ነው እንጂ። ስድቡን ስነግራት «ይህች ፈንጋጣ፣ ስድብም በደብዳቤ ይለመናል?» ብላለች። ይኸው፣ ተሰደብሽ።

ቦርሳው አለልሽ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ለልጁ መጠቅለያ አንድ ቀጭን ጋቢ ገዝቼ ውስጡ ከትቻለሁ፤ የሸማኔው ሚስት አራት ቤት ዞሬ ስመለስ «እንደገና መጣሽ?» አለችኝ። ኢስሐቅ ሰላም ብሎሻል። ሱቁ ያው ነው፤ ዱቤው ከሽያጩ ይበልጣል።

በጤና ተገላገይ። ዱዓ እያደረግኩልሽ ነው፤ እናንተም በእናንተው ጸልዩ፤ ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሙኒያ


ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሙኒያ፤

ቦርሳው ደርሶኛል። እጅዎ ይባረክ። ጋቢውም ደርሶኛል። ውስጡን እስከ ጥጉ በእጄ ዳበስኩት፤ በጣም ንጹሕ ነው።

እማዬን ከእንግዲህ ቃል ላኪ እያላችሁ አታድክሟት። የምትለውን አውቀዋለሁ። ጀሪካን አላነሣም፣ ጎመን እበላለሁ፣ በግራ ጎኔ እተኛለሁ።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? ከሰዓት በኋላ ሻይ ከማን ጋር ነው የሚጠጡት? ብርድ ነው፣ ደጅ ላይ ብቻዎን ተቀምጠው አይሥሩ። ጋሼ ኢስሐቅ ከሱቅ ቀደም ብለው እንዲገቡ ንገሩልኝ ብላለች ይበሏቸው።

ልጅዎ ኢየሩ


ጉለሌ፣ የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሲላስ፤

አልሐምዱሊላህ፣ አልነቃችም። ቦርሳውን ወዳዋለች፤ በጣም ንጹሕ ነው ብላለች። ከሁሉ የገረመኝ፣ እናቴን ቃል ላኪ አትበሏት ማለቷ። ከትከሻዬ ድንጋይ ነው የወረደልኝ። ያን የመጨረሻውን ስድብ ለመፍጠር አንድ ሌሊት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ደግሞ ሻይ ከማን ጋር ነው የሚጠጡት ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? የየሺ ስኒ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለት እቀዳለሁ፤ ኋላ ትዝ ሲለኝ አንዱን እመልሰዋለሁ።

ጥቂት ነው የቀረን። ታገሥ።

ሙኒያ


መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሙኒያ፤

ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ደህና ነን። ትንሽ ናት፤ ድምጿ ግን ትንሽ አይደለም።

አለማየሁ ከትናንት በስቲያ ደረሰ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ ሲገቡ፣ ሲላስ ልጅቷን ከእቅፌ ሲወስዳት፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኜ ሲቀመጡ አየሁ። አለማየሁ «ኢየሩ» ብሎ ጀመረ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ተወው፣ አትድከም፣ አውቃለሁ።»

ማንም አላመነኝም። ሴቶቹ እጄን አጥብቀው ይዘው እስክጮህ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ የሚጮህ ነገር አልቆብኝ ነበር። አንዷ ለሌላዋ «ልቧ ደንግጦ ነው» ስትላት ሰማሁ።

እትዬ፣ ቦርሳው የመጣ ቀን እጄን ጥጉ ድረስ ሰደድኩ። ፍርፋሪ የለም። ጣቴ ገበሩ ሥር ስፌት ላይ አረፈ። ድርብ ስፌትዎን ጨለማ ውስጥም አውቀዋለሁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሲላስ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ወደድሽው?» አለኝ። «ወደድኩት» አልኩት። ፊቱን ሳየው እሱም እንደሚያውቅ ገባኝ። እንደማውቅ ቢያውቅ ደግሞ እሱ እንደሚታመም ገባኝ። ቦርሳውን ዘግቼ ከአልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ እሱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በሩን ዘግቼ፣ ቦርሳውን ከፍቼ፣ አፌን ውስጡ ከትቼ አለቅስ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማና ለሲላስ እንዳይነግረው። እሱ ሲመጣ ፊቴን ታጥቤ እጠብቀዋለሁ። ዕንባው ገበሩን አርሶት ነበር፤ እንዳይሻግት ጋዜጣ ጠቅጥቄበታለሁ፣ ጥላ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እርስዎን አልወቅስም። አይወቀሱብኝም። ለእማዬ በደንብ እንደሠሩላት ከስፌቱ አይቻለሁ፤ አንድም የሳተ የለበትም። ለእኔ ብለው ያን ሁሉ ሲጽፉ ልብዎ እንዴት እንደሆነ አስቤ ነው ቃል ላኪ አትበሏት ያልኩት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። አለማየሁ ወንድ ነው፤ «ሰው በጣም መጥቶ ነበር» ይለኛል፣ በቃ። እኔ ግን ለእናቴ አንድ ሰው እንኳን ሲያለቅስ አልሰማሁም። ማን መጣ? ምን አሉ? ደግሞ ከጥጉ ምን ወጣ?

ልጅዎ ኢየሩ


ጉለሌ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ ይሉሻል እማማ ዓለሜ፤ እንኳን አላህ አተረፈልሽ እላለሁ እኔ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እጄ መርፌ አልይዝ ብሏል። ከአሽረፍ የመጡት ቦርሳዎች ጥግ ላይ እንደተከመሩ ናቸው። ሁሉም አፉን ጠበቀ፤ አለማየሁ ጠበቀ፣ ሲላስ ጠበቀ፣ ቦጋለ እንኳን ያ ሁሉ መንገድ ጠበቀ። ያወጣው የኔ እጅ ነው። ሕጌ ትዝ አላለኝም ልጄ። ሽታውን ላውጣላት ስል፣ እሷን ላሳምርልሽ ስል፣ አስቀድሞ ሞታለች ብሎ እጄ አምኖ ነበር። አፌ ላንቺ ይዋሽ ነበር፤ እጄ መዋሸት አልቻለበትም። ይቅርታ ልበልሽ ብዬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ ቃሉ አልበቃኝም። እንዲሁ ተቀበይኝ።

የክብሪት ቀፎውን ቦጋለ ይዞልሽ ይመጣል። የዳቦ ቆሎ ፍርፋሪ ነው፣ አንድ የፀጉር ጌጥ መቆንጠጫ አለበት፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ከዚህ ሌላ ብናኝ ነው። መልሰሽ ጥጉ ውስጥ ጨምሪው። ከፈለግሽም ስፌቴን ፍቺው፤ አልቀየምሽም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልጻፍልሽ። ማንንም እንዳልረሳ ነው ፍርሃቴ።

ድንኳኑ ገና ሳይወጠር ቀድመው የደረሱት እንጨት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ከእንጦጦ ሲወርዱ እናትሽ በሯ ላይ ውኃ ታቆይላቸው አልነበር? ያን ቀን ሸክማቸውን አጥሩ ሥር ደርድረው ገቡ። ትልቋ «የውኃዋ እመቤት ናት የሞተችው?» አለችኝ። አዎ ስላት ተቀመጠች። ውኃ ሳቀርብላቸው «ዛሬስ አንጠጣም» ብለው መለሱልኝ።

አሽረፍ ከመርካቶ መጣ። ጫማውን ያውልቅ አያውልቅ ጨንቆት ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት። «ከሱቄ አንድም ቦርሳ ገዝታ አታውቅም» አለ። «ሁሉንም ከፍታ፣ ሁሉንም አሽትታ፣ ለሁሉም እንከን አውጥታ፣ መርቃኝ ትሄድ ነበር። ደንበኛዬ ሁሉ ይሙት እሷ ትኑር ብባል እመርጥ ነበር።» ከዚያ ያለው ነገር ለለቅሶ ቤት እንደማይሆን ገባውና አፉን ያዘ። በለቅሶ መሃል ሳቅን። እሷም ብትሰማ ትስቅ ነበር።

አቶ ዱጉማ ጸሎት አድርገው ሲጨርሱ ወደ እኛ ሴቶቹ ዞረው «መዝሙር ከሁላችን ቀድማ የምትጀምር እሷ ነበረች፤ ዜማውን ሁልጊዜ ታጠፋው ነበር፣ እኛም አብረናት እናጠፋው ነበር» አሉ። ለካ እስካሁን የሚዘምሩት በእሷ ስህተት ነው። ማስተካከል አልፈለጉም።

ቦጋለ መጥቶ አልቀመጥም አለ። «ደብዳቤ ስሰጣት ሁሌ ‹እማዬን አየሃት?› ነው የምትለኝ» አለኝ። «ምን ልበላት?» ለካ አንቺም ቦርሳው ከደረሰሽ በኋላ መጠየቁን ትተሽለታል፤ አሁን ነገረኝ። እያለቀሰ ነው የነገረኝ።

ኢስሐቅ ሱቁን እስከ ሣልስት ዘጋ። እኔ እንኳን ያለቀስኩት ዱቤ ለመጠየቅ የመጣ ሰው ሱቁን ዝግ አይቶ «ማን ሞተባቸው?» ሲል ጎረቤቶች «እህታቸው» ብለው ሲመልሱለት ሰምቼ ነው።

መጨረሻ ደግሞ ትናንት። ከአሱር ሶላት በኋላ የረመዳን ጾሜን ይዤ ደጅ ተቀምጫለሁ። እማማ ዓለሜ መጥተው እንደ ልማዳቸው «የሺ ከቸርች አልተመለሰችም ወይ?» አሉኝ። እስከዛሬ «ትመጣለች እማማ፣ ይግቡ» ነበር የምላቸው። ትናንት ግን ውሸት አንገፈገፈኝ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ሁለት እጃቸውን ያዝኩና «እማማ፣ የሺ አርፋለች» አልኳቸው።

ልጄ፣ እናትሽ ዛሬ የሞተች ያህል አለቀሱ። ቀብሯ ላይ ነበሩ እኮ፣ ድንኳኑ ውስጥም ነበሩ፣ ሁሉ ጠፍቶባቸው ነው። ስሟን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሽንኩርት አላላጧን ሳይቀር እያነሡ። ተክለሃይማኖት ደንግጦ ሽቦውን ዘሎ መጣ። ለእናቴ ሰው ሲያለቅስ አልሰማሁም ብለሽኛልና ይኸው፣ ትናንት ጉለሌ ላይ ለእናትሽ እንዲህ ተለቀሰላት።

ኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው አዩኝ። እንደ ድሮው፣ እንደ ደህናው ጊዜያቸው ነው ያዩኝ።

«ለልጅቷስ ተነገራት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ አውቃለች።»

«ማን አረዳት?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝና፣

«ማን ይዟት ነበር?» አሉኝ።